ስለትና ስብእና በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

ሃይማኖት በሰው ስብእና ላይ ያለው ተጽዕኖ በትምህርት ሰዎች ዘንድ ሲመዘን፣ አንዱ ወገን የመልካም ጠባይ ምንጭ ነው ይላል፤ ሌላው የነጻ አሳብ ማነቆ ያደርገዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ከሁለቱም ይልቅ ጥልቅ መልስ አለው። ደራሲው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የተማሩ፣ የትምህርት ሚኒስትር ሆነውም ያገለገሉ ስለ ነበሩ ነገሩን በቅርብ ያውቁታል።

ታሪኩ የሚነሣው በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ከምትገኘው ከማንኩሳ ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው በዛብህ በሕይወት እንዲቆይላቸው ሲሉ፣ ሚስት ሳያገባ ፈጣሪውን ሲያገለግል እንዲኖር ይሳላሉ። በዚህ ክፋት የለበትም፤ የወላጅ ፍቅርና ሥጋት ነው። ሆኖም የተሳሉት እነርሱ ሲሆኑ ስለቱን በዕድሜው የሚከፍለው ልጁ ነው።

ብዙ አንባብያን መጽሐፉን የባላባት ሥርዓት ሒስ አድርገው ያዩታል፤ ይህም ትክክል ነው። ይሁን እንጂ በዛብህን ከሰብለ ወንጌል ፊታውራሪ መሸሻ ሳይከለክሉት በፊት ስለቱ ከልክሎታል። ፍቅሩን እንደ ኀጢአት፣ ራሱንም እንደ ከዳተኛ እየቈጠረ ለሁለት ተከፍሎ ይኖራል።

እዚህ ላይ የቅኔ ቤት ነገር ሊታሰብ ይገባል። የቅኔ ተማሪ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ የሌላውን ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። ከሰሙ በታች ያለውን ወርቅ እንዲፈልግም ይለመዳል። በዛብህ በዚህ ጥበብ የሠለጠነ ሰው ሆኖ ሳለ የገዛ ስለቱን ሰምና ወርቅ ለመመርመር ይፈራል። ትምህርቱ አእምሮውን አስልቶለታል፤ ሕሊናው ግን ገና በወላጆቹ እጅ ነው።

ሰብለ ወንጌል በአንጻሩ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ቤት ትወጣለች፤ በዛብህ ከሞተ በኋላም በምናኔ ትኖራለች። ምናኔውን ማንም አልተሳለላትም፤ በገዛ ፈቃዷ ስለ ያዘችው ስብእናዋን አጸናላት። የሁለቱ ዕጣ ጎን ለጎን ሲታይ፣ የመጽሐፉ ወቀሳ ያረፈው በእምነቱ ላይ ሳይሆን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በተገባው ቃል ላይ መሆኑ ይገለጣል።

ድርሰቱ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ጉዱ ካሳ ስለ ልማድና ስለ ሥርዓት በረጃጅም ንግግር ሲሟገት፣ የበዛብህ የውስጥ ሙግት የዚያን ያህል ቦታ አላገኘም። ስለቱን የሚፈታው ወይም የሚያጸናው ክርክር ከራሱ ከባለ ስለቱ አንደበት ቢሰማ ኖሮ፣ የስብእናው ትግል ይበልጥ በጎላ ነበር።

ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚተርፈው ጥያቄ ከቤተ ክህነት አጥር ያልፋል። ልጁን ሳይጠይቅ ለሐኪምነት ወይም ለመሐንዲስነት የመደበ ወላጅም ተስሏል። መምህሩ ልጁን ሲያስተምር፣ የተሰጠውን መንገድ መርምሮ የራሱ እንዲያደርገው ወይም በአክብሮት እንዲመልሰው ካላበቃው፣ ከማንኩሳው ስለት የተለየ ነገር አልሠራም።