አንዱን ኮራል ሁለት ጊዜ መጠየቅ

ከእስራኤሏ ከያቭነ ከተማ ወደ ሰሜን ምዕራብ ጥቂት ከተነዳ የፓልማሂም አሸዋ ይደረሳል፤ ከዚያ ወዲያ ሜዲትራኒያን ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት እዚያ የሚዋኙት የቤተ እስራኤል ልጆች፣ ይህ ባሕር ለተማሪ ተመራማሪዎች ምን ያህል ሥራ እንደሰጠ ሊነገራቸው ይገባል።

በእስራኤል ጠረፍ አለቶች ላይ ኦኩሊና ፓታጎኒካ የሚባል ኮራል ይበቅላል። ቡናማ ቀለሙ ሥጋው ውስጥ ከሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች የመጣ ነው። እነሱ በፀሐይ ብርሃን ስኳር ሠርተው ያበሉታል፣ እሱም ያስጠጋቸዋል። ውኃው ሲሞቅ አልጌዎቹ ይጠፉና ነጩ አጽም ይታያል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪው አሪኤል ኩሽማሮ፣ ከዮሲ ሎያ፣ ከዩጂን ሮዘንበርግና ከማዖዝ ፋይን ጋር ሆኖ አንድ ነገር ጠየቀ፦ የሚያነጣው ሙቀቱ ብቻ ነው ወይስ የሚያሳምመው ሌላ ነገር አለ?

ሥራው የእጅ ሥራ ነው። ከነጣው ኮራል ትንሽ ልጋግና ሥጋ ይወሰዳል፤ ይታጠባል፣ ይፈጫል፣ ምግብ ባለው ሳህን ላይ ይዘረጋል። የበቀሉት ባክቴሪያዎች አንድ በአንድ ይለያሉ። ከዚያ አንዱ ዓይነት ጤነኛ ኮራል ያለበት ገንዳ ውስጥ ይጨመራል። ኮራሉ ከነጣ፣ ያው ባክቴሪያ ከውስጡ እንደገና መገኘት አለበት። ከጎኑ ምንም ያልተጨመረበት ገንዳ ይቀመጣል፤ እሱ ከሌለ ሌላው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው።

ውጤቱ በ1996 እ.ኤ.አ. በኔቸር መጽሔት ወጣ። ባክቴሪያው በኋላ ለማይክሮባዮሎጂ ሊቁ ለሞሼ ሺሎ መታሰቢያ ቪብሪዮ ሺሎዪ ተባለ።

ነገሩ ግን በዚያ አልቆመም። ዓመታት ሲያልፉ ባክቴሪያው ከነጡት ኮራሎች ውስጥ ታጣ፤ ጤነኞቹንም ማሳመም ተሳነው። ሮዘንበርግና ባልደረቦቹ በ2006፣ ኮራል አብረውት የሚኖሩትን ረቂቅ ሕዋሳት እየቀያየረ በሽታን ይቋቋማል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በ2008 ደግሞ ትሬሲ አይንስወርዝ ከማዖዝ ፋይንና ከሌሎች ጋር ሆና፣ የዚህ ኮራል መንጣት ዋና መንሥኤ ባክቴሪያ አይደለም ብላ ጻፈች። ፋይን ከ12 ዓመት በፊት ስሙ የሰፈረበትን ድምዳሜ ተመልሶ ፈተነው ማለት ነው። ማይክሮስኮፕ መያዝ በጥቂት ሳምንት ይለመዳል፤ የራስን ድምዳሜ ተመልሶ መፈተን ግን ዕድሜ ይፈጃል፣ ተማሪ አጠገቡ ሆኖ ሲያየው ነው የሚይዘው።

ማየት የሚቻልበት አንዱ ቦታ በቀይ ባሕር ዳር ያለው ኤይላት ነው። ሃይንዝ ሽታይኒጽ በ1968 የመሠረተው ላቦራቶሪ ዛሬ የዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የባሕር ሳይንስ ተቋም ሆኖ ከአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎችን ይቀበላል። ለኢትዮጵያ ልጅ ቀይ ባሕር ባዕድ አይደለም፤ በ1962 የእስራኤል ተመራማሪዎች የባሕሩን ሕይወት ለማጥናት የሄዱት ያኔ በኢትዮጵያ ሥር ወደነበሩት የዳህላክ ደሴቶች ነበር። ፋይንና ባልደረቦቹ በ2013 እንዳስረዱት፣ የኤይላት ኮራሎች ሙቀት የሚችሉት አያቶቻቸው በባብ ኤል መንደብ ገብተው የደቡቡን ትኩስ ውኃ አልፈው ስለመጡ ሳይሆን አይቀርም። ሙቀት መቻላቸውን ለመፈተን ኮራሎቹ ሙቀቱ ደረጃ በደረጃ በሚጨመር ውኃ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ቀለማቸውንም በየዕለቱ እያየ የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል።