«የአንበሳው ድርሻ» የማን ነው?

በየጋዜጣው፣ በየሪፖርቱና በየስብሰባው «እገሌ በሥራው የአንበሳውን ድርሻ ተወጣ» ይባላል። አባባሉ ከእንግሊዝኛ የተዋስነው ነው። መዋሱ ነውር የለውም፤ ቋንቋ ሲዋዋስ የኖረ ነው። የምንነቅፈው ጸሐፊዎቻችን ተረቱን እዚያው ጥለው ቃሉን ብቻ ማምጣታቸውን ነው።

ምንጩ ኤዞፕ ነው። ሮማዊው ባለቅኔ ፌድሩስ እንደሚተርከው ላም፣ ፍየልና በግ ከአንበሳ ጋር ማኅበር ገብተው አጋዘን ጣሉ። ሥጋው አራት ቦታ ተመደበ። አንበሳ አንዱን በንጉሥነቴ፣ ሁለተኛውን በባልንጀርነቴ፣ ሦስተኛውን በጉልበቴ ብሎ ወሰደ፤ አራተኛውን የነካ ወዮለት አለ። እንግዲህ የአንበሳ ድርሻ «ብዙው» ሳይሆን ሁሉም ነበር። እንግሊዞች ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወዲህ «አብዛኛው» ለማለት ያዙት። እኛ ዘንድ ሲደርስ ጭራሽ ተገለበጠና ነጣቂው አንበሳ መዋጮ ከፋይ ሆነ! አንበሳው እኮ ወሰደ እንጂ ምንም አልሰጠም።

ለምን ተገለበጠ? በአገራችን አንበሳ የዘውድ ምልክት ነበር። ስሙ ሲነሣ ለጆሯችን የሚቀድመው ክብሩ ነው፤ ንጥቂያው አይሰማም።

የድርሻ ቃል ጠፍቶ ነው እንዳይባል፣ ወደ አምባሰል፣ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ እንለፍ። በገዳሙ ትውፊት ይኩኖ አምላክን እ.ኤ.አ. በ1270 ለዘውድ ያበቁት አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው፤ ደብረ ሊባኖስ ደግሞ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው ይላል። ክርክሩን ለታሪክ ሰዎች እንተወው። ለውለታው ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ የሚባለው ግን «ሲሶ መንግሥት» ነው። ሲሶ ከሦስት አንድ ነው፤ ቁጥሩ ፊት ለፊት ተቀምጧል።

ገበሬውም እስከ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ «እኩል አራሽ»፣ «ሲሶ አራሽ» ሲባል ኖሯል። ቃሉ መራራ ነው፤ ቢሆንም አይሸፍንም። ከጎተራው ስንቱ ወደ ባለ መሬቱ እንደ ሄደ በስሙ ይታወቃል። «የአንበሳው ድርሻ» ግን ስንት ነው? ከማንስ ላይ ተወሰደ? መልስ የለውም፤ ጭብጨባ ብቻ አለው።

ስለዚህ ብዙ የሠራውን ሰው «አብዛኛውን ሥራ ሠራ» ብንለው ምን ይጎድልበታል? አንበሳውን የነጠቀ ሰው ሲገኝ እንጥራው። ክፍፍል ስንጽፍ ደግሞ እኩል፣ ሲሶ፣ እርቦ እንበል፤ ላሟም፣ ፍየሏም፣ በጓም የደረሳቸውን ይወቁ።