«አስመሳይ» ወይስ «እንደራሴ»? ስለ አንድ የኮምፒዩተር ቃል አተረጓጎም

ከአገልግሎት የወጡ ኮምፒዩተሮች ፕሮግራሞች ሳይለወጡ በአዲስ መሣሪያ ላይ የሚሠሩበት ዘዴ ኢሙሌሽን ይባላል። ተርጓሚ በቅድሚያ የሚደርስበት አቻ «ማስመሰል»፣ ለአድራጊውም «አስመሳይ» ነው። ይህን ምርጫ በሁለት ምክንያቶች አንቀበለውም።

አንደኛ፣ ቃሉ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦችን ያደባልቃል። ሲሙሌሽን የአንድን ነገር ሁኔታ መስሎ ማሳየት ነው፤ በበረራ ማሠልጠኛ መሣሪያ ውስጥ የተቀመጠ አብራሪ የትም አይደርስም። ኢሙሌሽን ግን የሌላውን ሥራ በእርግጥ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1964 ይፋ የሆነው የአይ.ቢ.ኤም. ሲስተም 360 ለቀድሞው 1401 ኮምፒዩተር የተጻፉ ፕሮግራሞችን ያሠራ የነበረው በዚህ ዘዴ ነው። የሚወጣው ድምር ድምር መሳይ ሳይሆን ድምሩ ራሱ ነበር።

ሁለተኛ፣ «አስመሳይ» በአማርኛ የነቀፌታ ቃል ነው፤ ያልሆነውን ነኝ የሚል ግብዝ ይጠራበታል። ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ቢ.ቢ.ሲ. እ.ኤ.አ. በ1986፣ «ዱምዝዴይ» የተባለውን የ1086 የእንግሊዝ የመሬት መዝገብ 900ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ፣ የአገሩን ገጽታ በሌዘር ዲስኮች አስመዘገበ። ጥንታዊው ብራና ዛሬም ሲነበብ፣ የዲስኮቹ ማንበቢያ ግን ሃያ ዓመት ሳይሞላ ብርቅ ሆነ። የሊድስና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ሥራውን በ2002 መልሰው ያሳዩት በኢሙሌሽን ነው።

ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ከመካተቱ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለፊደላቱ የሚሰጡት ቁጥር የተለያየ ነበር፤ በእነርሱ የተጻፈ ሰነድ ያለ ፕሮግራሙ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። እንዲህ ያለው ሰነድ በኢሙሌሽን ተከፍቶ ሲቀርብ «በአስመሳይ የተገኘ» ብንለው፣ አንባቢው ሐሰተኛ ነው ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

በበኩላችን ለኢሙሌተር «እንደራሴ»፣ ለኢሙሌሽን «እንደራሴነት» እንላለን፤ «ማስመሰል» ለሲሙሌሽን ይቀራል። «እንደ» እና «ራሴ» ተጋጥመው በሌላው ስፍራ፣ በሌላው ሥልጣን የሚሠራውን ያመለክታሉ። ቃሉ የቤተ መንግሥትና የምክር ቤት ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን «አገልጋይ»ም የሰው መጠሪያ ሆኖ ሳለ ለኮምፒዩተር ሲነገር እንሰማለን። «ተኪ» ማለትም ይቻል ነበር፤ ሆኖም መተካት የቀድሞውን አስወግዶ በቦታው መግባትን ስለሚያሳስብ ከማቆየት ዓላማ ጋር ይጋጫል። እንደራሴ ግን የሚሠራው በባለቤቱ ስም ነው።