የእማማ ካርድ

መቼም ሎስ አንጀለስ ፓርኪንግ መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በይፋ «ትንሿ ኢትዮጵያ» በተባለው የፌርፋክስ ጎዳና፣ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ ክትፎ ያማረው ሰው ሰፈሩን ሁለት ሦስቴ ይዞራል። ድንገት አንዱ ጎረምሳ መኪናውን ሜትር ሥር ያቆምና፣ መስታወቱ ላይ ሰማያዊውን የአካል ጉዳተኛ ካርድ አንጠልጥሎ ዘሎ ይወርዳል። መክፈል የለ፣ የሰዓት ገደብ የለ። ካርዱ የእናቱ ነው። እናቱ ደግሞ ቤት ናቸው።

«ምን አለበት? የእማማ እኮ ነው!» ይላችኋል ብትጠይቁት።

ያለበትንማ የካሊፎርኒያ ኦዲተር በ2017 ቆጥሮታል። ዕድሜያቸው 100 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ባለካርዶች ወደ 26,000 ይጠጉ ነበር፤ በግዛቲቱ ይኖሩ የነበሩት የዚያ ዕድሜ ባለጸጎች ግን 8,000 ገደማ ብቻ። እንግዲህ ብዙዎቹ መኪና የሚያቆሙት ከመቃብር ሆነው ነው ማለት ነው። ለምን ቢሉ፣ ቋሚው ካርድ በየሁለት ዓመቱ ጊዜው ሲያልቅ አዲሱ ሳይጠየቅ በፖስታ ይላክ ስለነበር ነው። ሟች ደግሞ «ይብቃኝ» ብሎ አይጽፍም።

በዚህ ሳቢያ በዚያው ዓመት ሕግ ወጣ። ባለካርዱ በየስድስት ዓመቱ ቅጽ ሞልቶ ይፈርማል። አዲስ የሐኪም ወረቀት አይጠየቅም፤ ቋሚው ካርድ ክፍያም የለውም። እኔ በበኩሌ ሕጉን አልነቅፍም። የምነቅፈው ዕዳው ማን ላይ እንደወደቀ ሳይ ነው። የእንግሊዝኛው ደብዳቤ ሲመጣ እማማ ልጃቸው እስኪያነብላቸው ቴሌቪዥኑ ሥር ያስቀምጡታል። ልጅ ሆዬ «ነገ» ይላል። ካርዱን በየቀኑ የሚያውቀው ልጅ ፖስታውን አያውቀውም! ቀኑ ያልፋል፤ በአጭበርባሪው ምክንያት የመጣው ቅጽ፣ ያላጭበረበሩትን አሮጊት ከሩቅ ፓርኪንግ በምርኩዝ ያስኬዳቸዋል።

የእናቱን ካርድ ይዞ ብቻውን የሚነዳ ሰው ቢያዝ፣ ቅጣቱ ከ250 እስከ 1,000 ዶላር ይደርሳል። ገንዘቡስ ይሁን፤ የያዘው ቦታ የሌላ ሰው እናት ቦታ ነው። እሳቸው ያን ጊዜ በዊልቸር፣ መውረጃ ፍለጋ እየዞሩ ይሆናል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ እናታችሁ ቤት ጎራ በሉና ቴሌቪዥኑ ሥር ያለውን ፖስታ ክፈቱ። አንብቡላቸው፣ አስፈርሟቸው፣ ላኩላቸው። ካርዱን ደግሞ ከመኪናችሁ አውጥታችሁ ቦርሳቸው ውስጥ ክተቱት። እሳቸው ሲወጡ አብሮ ይወጣል፤ እሳቸው ቤት ሲውሉ ቤት ይውላል። ያረፉ እንደሆነም ወደ ሰጪው መሥሪያ ቤት ይመለሳል። ለእናት መታሰቢያ የሚሆን ሌላ ስንት ነገር አለ።