ትዝታ የሐዘን ዜማ ብቻ ነውን?

ትዝታ፤ ባቲ፤ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት አራቱ ቅኝቶቻችን እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ ብቻ የተመሠረቱ ሲሆኑ፤ በሰሚው ልብ የሚያሳድሩት ስሜት ግን እጅግ የተለያየ ነው። የወሎውን ተራራ ስም የያዘው አምባሰል ኩራትና ቁዘማ የተቀላቀለበት ዜማ ነው። በሰኞ ገበያዋ በታወቀችው ከተማ ስም የሚጠራው ባቲ ናፍቆትን ከጨዋታ ጋር ያስማማል። አንቺ ሆዬን ስሰማ የሠርግ ቤት ይታወሰኛል። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጥብኝ ትዝታ ነው።

ብዙ ሰዎች ትዝታ የሐዘን ዜማ ነው ብለው ይደመድማሉ። ይህ አስተያየት ጐደሎ ይመስለኛል። ሐዘንተኛ ስላጣው ነገር ያለቅሳል፤ ትዝታን የሚያንጐራጕር ሰው ግን ያጣውን መልሶ አጠገቡ ያስቀምጠዋል። በ2004 ዓ.ም. ያረፉት ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ በክራር የተጫወቱትን ትዝታ ያዳመጠ ሁሉ ይህን ያስተውላል፤ ድምፃቸው ጋብ ሲል ክራሩ ብቻውን ይናገራል፤ ሰሚውም በዚያች ፋታ የራሱን ሰው ያስባል።

ይህች ፋታ በመሣሪያ ጩኸት ስትሞላ ዜማው ቢኖርም ትዝታው ይጠፋል። ስለዚህ የሙዚቃ መምህራን ቅኝቱን በሰሌዳ ላይ ከመጻፋቸው አስቀድሞ ለተማሪዎቻቸው አንድ ክራር ብቻውን ቢያሰሙአቸው መልካም ነው፤ የድምፆቹን ቍጥር ማወቅ ከመስማት በኋላ ይደርሳል።