ምንዳ የሌለው ጽድቅ፤ በመጽሐፈ ኢዮብ ላይ የቀረበ ሐተታ

ሰው መልካም መሥራት የሚገባው ስለ ምንድን ነው ቢሉ፥ ብዙዎች የሚሰጡት መልስ ሁለት ነው። አንደኛው፥ ክፉ የሠራ ይቀጣልና ነው ይላል፤ ሁለተኛው፥ መልካም የሠራ ዋጋውን ያገኛልና ነው ይላል። እነዚህ መልሶች ልዩ ልዩ ይመስላሉ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም መልካሙን ሥራ የሚመዝኑት ለሠሪው በሚያመጣለት ጥቅምና በሚያርቅለት ጕዳት ነውና። መጽሐፈ ኢዮብ በ42 ምዕራፎች የሚመረምረው ይህንኑ ነው። መጽሐፉን፥ ጻድቅ ስለ ምን መከራ ይቀበላል የሚለውን ለመረዳት ብቻ የሚያነቡት ሰዎች፥ በደጁ ላይ የቆመውን የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳያዩ ያልፋሉ።

ጥያቄውን ያመጣው ሰይጣን ነው። በ1ኛው ምዕራፍ በ9ኛው ቍጥር ኢዮብን የሚከሰው ኃጢአት ሠርቷል ብሎ አይደለም፤ ጽድቁ ለጥቅም ነው ብሎ ነው እንጂ። ኢዮብ 7000 በግ፥ 3000 ግመል፥ 500 ጥማድ በሬ፥ 500 እንስት አህያ የነበረው ባለጸጋ ነው። ሰይጣንም፥ የበረከቱ አጥር ቢፈርስ ጽድቁም አብሮ ይፈርሳል ብሎ ተከራከረ። ይህ ክስ በኢዮብ ላይ ብቻ አይቀርም፤ በሰው ልጅ ሁሉ ላይ የሚደርስ ክስ ነው። እውነት ቢሆን በምድር ላይ ምንደኛ እንጂ ጻድቅ አይገኝምና።

በዕብራይስጡ በዚህ ቦታ የተጻፈው ቃል «ሒናም» ነው። ትርጓሜው ሁለት ነው፤ ያለ ዋጋ፥ በነጻ ማለት ነው፤ አንድም ያለ ምክንያት፥ በከንቱ ማለት ነው። ያው ቃል በ2ኛው ምዕራፍ በ3ኛው ቍጥር ተመልሶ ይመጣል፤ በዚያ ግን የሚናገረው እግዚአብሔር ነው፤ ኢዮብ የተመታው ያለ ምክንያት እንደ ሆነ ይመሰክርለታል። የሰብዓ ሊቃናት የግሪክኛ ትርጕም ሁለቱን ቦታዎች በሁለት ልዩ ቃላት ስለ ተረጐማቸው፥ የቃሉ መያያዝ በእርሱ አይታይም። በዕብራይስጡ ግን ጥያቄውና መልሱ በአንድ ቃል ታስረዋል። ያለ ዋጋ የሚያመልክ አለን ተብሎ ለተጠየቀው፥ ያለ በደል የተመታው ሰው ምስክር ሆኖ ይቆማል። ምነው ቢሉ፥ መከራው ያለ በደል ካልመጣ ጽድቁ ያለ ዋጋ መሆኑ አይታወቅምና።

ከዚህ በኋላ ቴማናዊው ኤልፋዝ፥ ሹሐዊው በልዳዶስና ናዕማታዊው ሶፋር ይመጣሉ። ሲመጡ ክፉዎች አልነበሩም፤ 7 ቀንና 7 ሌሊት ከወዳጃቸው ጋራ በምድር ላይ ተቀምጠው ዝም አሉ። የወደቁት አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ነው። ትምህርታቸው፥ እግዚአብሔር ለጻድቁ መልካም ይከፍላል፥ ኃጥኡንም ይቀጣል፤ ስለዚህ መከራ ያገኘው ሁሉ ኃጥእ ነው የሚል ነው። መነሻው ያማረ ነው፤ መደምደሚያው ግን ከመነሻው አይወጣም።

ይህ ትምህርት የሚያፈራውን ለማወቅ 4ኛውንና 22ኛውን ምዕራፍ አስተያይቶ ማንበብ ይበቃል። በ4ኛው ምዕራፍ፥ ኢዮብ ብዙዎችን ያስተማረና የደከሙትን ያበረታ ሰው እንደ ነበረ ኤልፋዝ ራሱ ይናገራል። በ22ኛው ምዕራፍ ግን ያው ኤልፋዝ፥ ኢዮብ ከወንድሞቹ ያለ ምክንያት መያዣ ወሰደ፥ ድኻውን ልብሱን ገፈፈ፥ ለተጠማ ውኃ ነፈገ፥ መበለቶችን ባዶ እጃቸውን ሰደደ ይላል። በመካከሉ አዲስ ምስክር አልመጣም፤ ማስረጃም አልተገኘም። ታዲያ ቃሉን ስለ ምን ለወጠ ቢሉ፥ ትምህርቱ አስገድዶት ነው። መከራ ሁሉ የኃጢአት ደመወዝ ነው ብሎ የተነሣ ሰው፥ መከራ ያገኘውን ንጹሕ ሰው ባየ ጊዜ ወይ ትምህርቱን ይተዋል፥ ወይ በሰውዬው ላይ ኃጢአት ይፈጥርበታል። ኤልፋዝ ትምህርቱን ለማዳን ወዳጁን አሳልፎ ሰጠ፤ ስለ ጽድቅ ሲሟገትም በሐሰት መሰከረ። ከክሱ መካከል «ሒናም» የሚለው ቃል ደግሞ መገኘቱ ልብ ይሏል፤ ያለ ምክንያት ወሰድህ ብሎ የሚከሰው ኤልፋዝ፥ የሚከሰው ያለ ምክንያት ነው።

ይህም ስሕተት ከእነዚያ ሰዎች ጋራ አልተቀበረም። ባለጸጋ፥ ሀብቴ የጽድቄ ዋጋ ነው ብሎ ካሰበ፥ በደጁ የቆመውን ድኻ ያጣኸው በኃጢአትህ ነው ሳይለው አይቀርም፤ በአፉ ባይለው በሥራው ይለዋል። ዳኛ እንዲህ ካሰበ፥ ችግረኛው ነገሩን ሳይናገር ተፈርዶበታል። ካህንም እንዲህ ካሰበ፥ በሽተኛውን ሊያጽናና ገብቶ ከስሶት ይወጣል።

እንግዲህ ሰይጣንና ሦስቱ ወዳጆች አንዱ ከሳሽ፥ ሌሎቹ የእግዚአብሔር ጠበቆች ቢመስሉም፥ በመሠረቱ ይስማማሉ፤ ጽድቅ ንግድ ነው ይላሉ። ከግሪክ ሊቃውንት አፍላጦንም ስለ መንግሥት በጻፈው መጽሐፍ በ2ኛው ክፍል ይህን የሚመስል ነገር አምጥቷል። ግላውኮን የተባለው ተከራካሪ፥ ከዐይን የሚሰውር ቀለበት ስላገኘ ስለ አንድ የልድያ እረኛ ይተርካል፤ እረኛው የሚያየው እንደሌለ ባወቀ ጊዜ ንጉሡን ገድሎ መንግሥቱን ወሰደ። ሰይጣን ዋጋው ቢቀር ጽድቅ ይቀራል አለ፤ ግላውኮን ደግሞ የሚቀጣ ባይኖር ጻድቅ ማን ነው ብሎ ጠየቀ።

የኢዮብ መልስ በ31ኛው ምዕራፍ ይገኛል። በዚያ ሥራውን እየዘረዘረ ይምላል። ሎሌውና ገረዱ ከእርሱ ጋራ በተሟገቱ ጊዜ ነገራቸውን እንዳልናቀ ተናግሮ፥ ምክንያቱን ሲያስረዳ፥ ጌታውንም ሎሌውንም በማኅፀን የሠራቸው አንድ ነው ይላል። የእግዚአብሔርን ፍርድ መፍራቱንም አልሸሸገም፤ ነገር ግን የሚፈራው ዳኛ የሎሌውም ፈጣሪ ነው። ስለዚህ ፍርሃቱ ራሱን ብቻ እንዲያይ አላደረገውም፤ ወደ ሎሌው መለሰው እንጂ። ይህንም ሲናገር ከብቱ ጠፍቶ፥ ልጆቹ ሞተው፥ በአመድ ላይ ተቀምጦ ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1791 ዓመት ባወጣው ጽሑፍ፥ ኢዮብ ሃይማኖቱን በቅን ምግባሩ ላይ መሠረተ እንጂ ምግባሩን በሃይማኖቱ ላይ አልመሠረተም ብሏል። የኢዮብን ቅንነት ማየቱ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ኢዮብ ለሎሌው የሚሟገትለት በፈጣሪ ስም ስለ ሆነ፥ ሁለቱን እንዲህ መለየት ከ31ኛው ምዕራፍ ጋራ አይስማማም።

አንድ ተቃውሞ ይቀራል። በመጨረሻው ምዕራፍ ኢዮብ 14000 በግ፥ 6000 ግመል፥ 1000 ጥማድ በሬ፥ 1000 እንስት አህያ አገኘ፤ እንግዲያስ ዋጋውን ተቀበለ፥ ሰይጣንም ረታ አይባልምን ቢሉ፥ አይባልም። እግዚአብሔር ከዐውሎ ነፋስ በተናገረው ውስጥ ከብት እመልስልሃለሁ የሚል ተስፋ የለም፤ ኢዮብም ቃሉን የሰበሰበው ምንም ሳይመለስለት ነው። በዕብራይስጡ ሀብቱ የተመለሰው፥ በሐሰት ለከሰሱት ወዳጆቹ በጸለየ ጊዜ ነው። ደግሞ ከብቱ እጥፍ ሲሆን፥ ልጆቹ እንደ ፊተኛው 7 ወንዶችና 3 ሴቶች ናቸው፤ ለሞተ ልጅ ዋጋ የሚሆን ከብት የለምና።

መጽሐፉ ከመዘጋቱ በፊት ኢዮብ የሠራው አንድ ሥራ ይነገራል፤ ለሴቶች ልጆቹ ከወንድሞቻቸው ጋራ ርስት ሰጣቸው። በኦሪት ዘኍልቍ በ27ኛው ምዕራፍ ሴት ልጅ የምትወርሰው አባትዮው ወንድ ልጅ ባይኖረው ነው፤ የኢዮብ ሴቶች ልጆች ግን 7 ወንድሞች ነበሯቸው። ያስገደደው ሕግ የለም፤ ዋጋ እከፍልሃለሁ ያለውም የለም። ሰይጣን ያለ ዋጋ የሚሠራ የለም ብሎ የከሰሰው ሰው፥ ሀብቱ ሁሉ በእጁ በተመለሰ ጊዜ፥ ለሴቶች ልጆቹ ርስትን በነጻ አካፈለ።