እርሳስ የምታስገባ ቀዳዳ

ዳማው ፈረስ የቆመው በሦስት እግሩ ነው። የቀኝ የፊት እግሩን ጫፍ ብቻ መሬት ያስነካና፣ የጋለ ምጣድ በጣቱ እንደሚሞክር ሰው፣ ወዲያው መልሶ ያነሳዋል። ቦታው ቦሌ አራብሳ ነው፤ የኮንዶሚኒየሙ ብሎኮች አልቀው ዋልካው የሚጀምርበት ዳርቻ። ሰፈሩ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ውስጥ ቢሆንም ሰዉ ዛሬም ቦሌ ነው የሚለው። ጊዜው መስከረም ነው፤ ጭቃው ላዩ ደርቋል፣ ውስጡ ግን ገና አልጠናም። ባለ ጋሪው ሃያ ዓመት የሞላው አይመስልም። ፈረሱ ትናንት ማታ አሸዋ አራግፎ በሰላም ነው የገባው፤ ጠዋት በሩን ሲከፍት እንዲህ ሆኖ አገኘው። ጎረቤት ተሰብስቦ ምርመራውን ጨርሷል፦ ትከሻው ወልቋል። አንዱማ ሊተኩሰው ብሎ ብረት እሳት ውስጥ ከትቷል።

ሐኪሟ በባጃጅ ደረሱ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ሐኪሟ እያልኩ እቀጥላለሁ። ሃምሳዎቹን የተሻገሩ፣ ቢሾፍቱ ባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የተማሩ ሴት ናቸው። የያዙት ቦርሳ የሐኪም ሳይሆን የአናጺ ይመስላል። ፈረሱን ወዲያው አልነኩትም። ራቅ ብለው ቆሙና ልጁን «እስቲ ሦስት እርምጃ ብቻ ምራው፤ ገመዱን ላላ አድርግለት» አሉት። እኔ እግሩን ስመለከት እሳቸው የሚያዩት ራሱን ነበር። ፈረስ የታመመው የፊት እግሩ መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሳል፣ ጤነኛው ሲያርፍ ይደፋል፤ ክብደቱን ከሕመሙ ማሸሹ ነው። ከጠቅላላ ክብደቱ 60 በመቶ ገደማውን የሚሸከሙት የፊት እግሮቹ ስለሆኑ ሽሽቱ ለሚያውቅ ሰው በግልጽ ይታያል።

ከዚያ ቀርበው ትከሻውን ደህና አድርገው ዳበሱ። ያ ለፈረሱ ሳይሆን ለጎረቤቶቹ እንደነበር በኋላ ነገሩኝ። ትከሻ ትከሻ በሚል ሰው ፊት በቀጥታ ሰኮና ላይ ቢወርዱ የሚሰማቸው የለም። እጃቸው ቁልቁል ሄደ፤ ጉልበት፣ ቅልጥም፣ ቁርጭምጭሚት። ሰኮናው ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ገልብጠው በጀርባው ለኩት፣ እናት የልጇን ትኩሳት እንደምትለካው። ቀጥለው ከቁርጭምጭሚቱ በስተኋላ የደም ሥሩን በሁለት ጣት ያዙና ዓይናቸውን ከደኑ። «ና፣ አንተም ያዝ» አሉኝ። ጣቴ ሥር እንደ ከበሮ ይመታል። የግራውን እግር ስይዝ ትርታውን ለማግኘት ራሱ ጊዜ ፈጀብኝ።

የሰኮና መግል ለምን እንዲህ እንደሚያሰቃይ፣ ጥፍሩ ሥር መግል ቋጥሮ የሚያውቅ ሰው ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ሰኮና ጥፍር ነው፤ ነገር ግን ባለቤቱ ቀኑን ሙሉ የሚቆምበት ጥፍር ነው። ውጪው ቀንድ ስለሆነ ስሜት የለውም። ከውስጡ ግን 600 ገደማ ስስ ቅጠሎች፣ እንጉዳይ ሲገለብጡት ከሥሩ እንደሚታዩት ሽንሽኖች ተደርድረው፣ ቀንዱን ከውስጡ አጥንት ጋር ያያይዙታል። ደምና ነርቭ የሞላው እዚያ ነው። ሹል ጠጠር ወይም የሚስማር ጫፍ የሰኮናው ግድግዳና ታቹ በሚጋጠሙበት መስመር ቆሻሻ ይዞ ይገባል። ቀዳዳው በጭቃ ይደፈናል፣ ውስጡ ይመግላል። ሌላ አካል ላይ ቢሆን ያብጥ ነበር። እዚህ ግን የሚያብጥበት ቦታ የለም፤ ሳጥኑ ስለማይለጠጥ ግፊቱ ብቻ ይጨምራል። ማታ ደህና የነበረ ፈረስ ጠዋት እግሩ የተሰበረ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። አራብሳ ደግሞ ለዚህ በሽታ የተመቸ ነው፦ ሰኮናው ክረምቱን ዋልካ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይለሰልሳል፣ ግንባታው ባላለቀበት ሰፈር ሚስማርና የፌሮ ሽቦ ተበትኖ ይጠብቀዋል።

ከቦርሳው መጀመሪያ የወጣው ጉጠት ነው። ክንዱ ረጅም፣ አፉ ሰኮናውን ከውጪና ከታች በአንድ ጊዜ እንዲያቅፍ የተቆለመመ። ሐኪሟ አስቀድመው የያዙት ጤነኛውን እግር ነው። አንዳንድ ፈረስ ገና ሲነኩት ይበረግጋል፣ አንዳንዱ ቢያመውም ይችላል፤ የዚህኛውን ጠባይ ሳያውቁ የታመመውን እግር ቢጨምቁ መልሱ አያስተማምንም። ግራውን በየጣት ስፋቱ እየጨመቁ ዞሩት። ፈረሱ ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። ከዚያ ቀኙን ጉልበታቸው መሃል አጣብቀው ከተረከዙ ጀመሩ። ክንዳቸውን ልብ ብዬ አየሁት፤ ጡንቻቸው በእያንዳንዱ ጭመቃ እኩል ይነሳል፣ እኩል ይወርዳል። አንዱ ቦታ ላይ ፈረሱ እግሩን መንጭቆ ሊያስጥላቸው ደረሰ። «ረጋ በል፣ ረጋ፣ የኔ ጌታ!» እኔ ብሆን እዚያው ጉጠቱን ጥዬ ቢላ አነሳ ነበር። እሳቸው ግን ዙሩን ጨረሱ፣ ከሌላው ወገን ተመልሰው መጡ፣ ያንኑ ቦታ እንደገና ነኩት። እንደገና መነጨቀ። በጠመኔ ነጥብ አደረጉበት።

አሁን ቢላው። ጫፉ ወደ ውስጥ የተጠቀለለ ነው፤ የድሮ ሴቶች ካንገታቸው የሚያንጠለጥሉትን የብር ኩክ ማውጫ ላየ፣ እሱኑ አሳድጎ አስልቶ ማሰብ ነው። መጀመሪያ ጭቃውን፣ ቀጥሎ የሞተውን አመድማ ቀንድ እየላጡ አነሱት። ልጣጩ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት የሳሳ ነው። አንዱን አንስቼ ወደ ፀሐይ ስይዘው ጣቴ በውስጡ ይታየኛል። ከሥሩ ንጹሕ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ቀንድ ወጣ፤ እዚያ ላይ ሦስት ጥቁር ነጠብጣብ አለ። ለእኔ ሦስቱም አንድ ናቸው። አንደኛው በሁለት ልጣጭ ጠፋ፣ እድፍ ነበር። ሁለተኛውም ጠፋ። ሦስተኛው፣ ከጠመኔው አጠገብ ያለው፣ በላጡት ቁጥር እየተከተለ ወደ ውስጥ ይወርዳል። መጠኑ ከመርፌ ቀዳዳ አይበልጥም።

ከዚህ በኋላ የቢላው ስለት አረፈ፤ የሚሠራው የተጠቀለለው ጫፍ ብቻ ሆነ። አንድ ልጣጭ ያነሱና ያዩታል። አንድ ያነሱና ቀንዱ ይለሰልስ እንደሆነ በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል። አንድ ያነሱና አፍንጫቸውን አስጠግተው ያሸቱታል። የሰኮና ታች ውፍረቱ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያ በኋላ ሕያው ሥጋ ነው። የሙያው ሜዳ ይህችው ናት። ብዙ አንጥረኛ፣ ብዙ ጠራቢ አይቻለሁ፤ ሥራውን በማያየው ነገር ጥልቀት እየለካ የሚሠራ ግን ጥቂት ነው። አንጥረኛ ቢያበላሽ አቅልጦ ይጀምራል።

ሲበላሽ ምን እንደሚመስል ስለማውቅ ነው ትንፋሼን ይዤ የቆምኩት። ከዓመታት በፊት ሲኤምሲ አካባቢ አንድ ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው ያነከሰ ፈረስ ሲከፍት አጠገቡ ነበርኩ። መግሉን አግኝቶታል፣ አልክድም። ያገኘው ግን የቡና ሲኒ የሚያስቀምጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ነው። ደም ፈሰሰ፤ በቀናት ውስጥ ቀይ ሥጋ በጉድጓዱ አብጦ ብቅ አለ። የሳምንት ሕመም የወራት ሆነ፤ ባለ ጋሪውም የቀለብ ወጪው ሲበዛበት ፈረሱን ለቀቀው። ማታ ማታ የቀለበት መንገዱ አካፋይ ላይ ጌታ አልባ ፈረሶች ቆመው አይታችሁ ከሆነ፣ አንዱ እሱ ነበር። እግሩን ያዝኩለት እኔ ነኝ።

ድንገት ቢላው ድምፅ ሳያሰማ ሰመጠ። ጥቁር ግራጫ ፈሳሽ አረፋ ቀላቅሎ ፊጭ አለና የሐኪሟን ክንድ ረጨው። ሽታው የሚነገር አይደለም። ልጁ በጋቢው አፍንጫውን ሸፈነ፣ እሳቸው ፈገግ አሉ። እጃቸውም እዚያው ቆመ።

«ዶክተር፣ ትንሽ ሰፋ ቢያደርጉትስ? ጠቅልሎ እንዲወጣ።»

«ያለው ይወጣል። ከዚህ በላይ ብቆርጥ ብዙ ሠራሁ ለመባል ነው እንጂ ለእሱ አይደለም።»

ከደረት ኪሳቸው እርሳስ አውጥተው የቀዳዳዋ አፍ ላይ ለኩት። ልክ ነው። ፈረሱ ሲቆም ፈሳሹ ወደ ታች እንዲወርድ የአፏን ጠርዝ አንድ ጊዜ ጠረብ አድርገው እግሩን ለቀቁት። ከመጀመሪያው ልጣጭ እስከ መጨረሻው አንዲት ጠብታ ደም አልታየም። ፈረሱ እንደ ጠዋቱ የሰኮናውን ጫፍ ብቻ አስነካ። ቆየት አለ። ከዚያ ተረከዙ ቀስ እያለ ወረደና መሬት ነካ። ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ፣ ከንፈሩን ላሰ። ብረት እሳት ውስጥ የከተተው ሰውዬ ብረቱን አውጥቶ ሲሄድ ማንም አላየውም፣ ከእኔ በቀር።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ከጓዳና ከጎሚስታ የተዋሰ ነው። ባልዲ ሙሉ ሙቅ ውኃ፣ እጅ የሚችለውን ያህል፤ ውስጡ ማግኒዚየም ሰልፌት የሚባለው ጨው ሟሙቶ። ሃያ ደቂቃ ያህል እግሩ ተዘፈዘፈ። ከዚያ ፉርሽካ በዚያው ጨውና በሙቅ ውኃ እንደ ገንፎ ታሽቶ ሰኮናው ታች ተለጠፈ፤ ሙቀቱና ጨዉ የቀረውን መግል ስበው እንዲያወጡ ነው። በላዩ የሕፃን ዳይፐር፣ በዳይፐሩ ላይ ፕላስተር፣ ከዚያ የማዳበሪያ ቁራጭ፣ በመጨረሻም ቀደም ብሎ በልክ የተቆረጠ ከመነዳሪ። ፕላስተሩ ፀጉሩ ከሚጀምርበት መስመር በታች ቀረ፤ ከዚያ በላይ ጠብቆ ከታሰረ ደም ይከለክላል። ከታች የተጠላለፈው ግን በእጅ ብስበው አልነቃነቅ አለኝ። ለሰው የተሠራ፣ እንዲህ የጠበቀ ጫማ አላውቅም።

ልጁ አንድ ጥያቄ ቀርቶታል። «ኦክሲ አይወጉትም?» በየሰፈሩ ለሁሉም ሕመም የሚወጋ መድኃኒት ስለሆነ ያለ እሱ የታከመ አይመስለውም። «መግሉ በተዘጋ ጓዳ ውስጥ ነበር» አሉት፤ «መድኃኒት በደም ሄዶ እዚያ ብዙም አይደርስም። በሩን ከፍተንለታል።» አንድ መርፌ ግን አንገቱ ላይ ወጉት፣ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ። ከቤት እንስሳት ውስጥ ፈረስን ያህል በዚህ በሽታ የሚጠቃ የለም፤ ተሐዋሲው ደግሞ የሚኖረው እሱ በሚረግጠው አፈርና ፋንድያ ውስጥ ነው።

እጃቸውን ሲታጠቡ ስለ ዜኖፎን አነሳሁባቸው። የግሪኩ የጦር ሰው ከ2,300 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ስለ ፈረስ አያያዝ ሲጽፍ፣ ፈረስ የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት እግሩን ይመልከት ይላል፤ መሠረቱ የማይረባ ቤት ላዩ ቢያምር ምን ይረባል ብሎ። ሰኮናው እንዲጠነክርም ፈረሱ የሚቆምበት ግቢ ጭብጥ በሚያህል ድንጋይ እንዲነጠፍ ይመክራል። ሐኪሟ ወደ ሰፈሩ ኮብልስቶን አይተው «ድንጋዩን ካየ ፈረሱ ከሌሊት ጀምሮ የሚጎትተውንም ይይለት» አሉ።

እኛ መሪዎቻችንን በፈረስ ስም የምንጠራ ሰዎች ነን፤ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ። ፒያሳ በ1923 ዓ.ም. የቆመው የምኒልክ ፈረስ ሁለት የፊት እግሮቹን አንስቶ ሰኮናውን ለመንገደኛው ሁሉ ያሳያል። የእነዚያን ፈረሶች ሰኮና ይጠርግ የነበረውን ሰው ግን ማንም አይጠራውም። ይህ ጉድለት ነው፤ ቢያንስ ጥሩ እጅ ስናይ ጥሩ ነው እንበል።

ጋሪ ላላችሁ፣ ወይም ጎሮና አያት መንገድ ላይ አንድ እግሩን ያንጠለጠለ ፈረስ ለምታዩ፦ እሳት ከመንደዱ በፊት እግሩ ይነሳ፣ ሰኮናው በእጅ ጀርባ ይለካ። የተሰካ ሚስማር ከተገኘ የገባበት ቦታ ሳይታወቅ አይነቀል፤ በተለይ በመሃል ካለው ለስላሳ ሦስት ማዕዘን አጠገብ ከሆነ ሐኪም ይጠራ፣ ቁስሉ እስከ መገጣጠሚያው ሊዘልቅ ይችላል።

ማሰሪያው በሦስተኛው ቀን ሲፈታ ፉርሽካው ላይ የነበረው እድፍ ሳንቲም አያህልም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ ዳማው ባዶ ጋሪ መጎተት ጀመረ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ተመልሼ ሄጄ ቀዳዳዋን ልይ አልኩት ባለ ጋሪውን። ቀኙን አነሳልኝ፤ ፈለግን፣ የለችም። ተሳስቼ እንደሆነ ብሎ ግራውንም አነሳው።